አመዱ እስኪወርድ

በሰፈሩ ልብስ የሚያሰጣ ሁሉ አስቀድሞ የልብስ ሰፊዋን ባል ይጠይቃል። ሰውየው የአውሮፕላን ማረፊያው የአየር ትንበያ ባለሙያ ነው፤ ጎረቤቱ «ደመናው» ይለዋል። ሚስቱ ግን «ሰማዩን የተከራየው ይመስል!» እያለች ትስቅበታለች።

ያን ሳምንት ሳቋ ጠፋ። ሩቅ ያለ ተራራ ፈንድቶ አመዱን ሽቅብ ረጨው፤ ደመናውም «ገና ነው» ባለ ቁጥር ማረፊያው ተዘግቶ ይውል ጀመር። ከታገዱት በረራዎች በአንዱ ልጃቸው አራስ ልጇን ይዛ ልትመጣ ነበር። እረፍቷ አጭር ነው፤ ባለችበት የምትውለው እያንዳንዱ ቀን ከአያት እቅፍ ላይ ይቀነሳል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የልጅ ልጇን በስልክ እንጂ በእቅፏ አታውቀውም።

«እስቲ ሰማዩን እየው! ጥርት ብሏል። የታለ አመዱ?» አለችው ከሥራ ሲገባ።

«የማይታየው ነው የሚያሰጋኝ» አለ ጫማውን እያወለቀ። «ከባድ ከባዱ እዚያው ተራራው አጠገብ ወርዷል። ቀላል ቀላሉ ነው ከነፋስ ጋር የመጣው። ሳሳ እንጂ አልጠፋም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚወርድልን?»

«እርጥበት ሲያገኘው እርስ በርሱ ይጣበቅና ይከብደዋል፤ ያኔ ይወርዳል። የቀረውን ዝናብ ጠራርጎ ያወርደዋል።»

«እኔንም እየከበደኝ ነው!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። ራቱን ያለ ጨው አቀረበችለት፤ ረስታ አይደለም። እሱም ነገሩ ገብቶት ጠርጎ በላ።

በማግስቱ እርጥብ አየር ገባና ግራጫ ዱቄት ከተማው ላይ ይነሰነስ ጀመር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሸፍኖ ሲሮጥ፣ እሷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ባሏ ቢሮ ደወለች።

«ወረደልህ! በል ክፈት!»

«የተጣበቀው ነው የወረደው። ደቃቁ ገና ላይ ነው፤ ዝናቡን እንጠብቅ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ንዴቷን በጽዳት ልትወጣው ብድግ አለች። አመዱ በመስኮት ገብቶ፣ ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ የሚቆሙበት ትልቅ መስታወት ላይ አርፏል። ደረቅ ጨርቅ አንስታ ፈተገችው። የሚያንቋቋ ድምፅ ሰማች። ጠጋ ብላ ብታይ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተቧጭሯል፤ መሀሉ ላይ የራሷ ፊት ድመት የተጫወተችበት መስሏል። ጣቷ ላይ የቀረውን አሸት ብታደርገው እንደ ምድጃ አመድ አይልምም፤ የተፈጨ ጠርሙስ ነው።

ይሄ ነገር ሞተር ውስጥ ሲገባ አሰበችው። አውሮፕላኑ ውስጥ የተቀመጠችውን ልጇን፣ እቅፏ ላይ ያለውንም አሰበች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስልኩ ጮኸ። ልጇ ነበረች፤ እያለቀሰች።

«እማ፣ እረፍቴ እኮ እያለቀ ነው! እዚህ ሰው ሁሉ ሰማዩ ጠርቷል እያለ ነው። እስቲ አባዬን ለምኚልኝ፤ አንቺን እንደሆነ እምቢ አይልሽም።»

ሕፃኑ ከስልኩ ወዲያ ይነጫነጫል። ልብስ ሰፊዋ እንባዋ መጣ፤ ያን ድምፅ እቅፏ ውስጥ ለመስማት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

«አልለምነውም፤ እዚያው ቁጭ በይ» አለች። «ማንንም አትስሚ። አባትሽ ወርዷል ሲል ትመጫለሽ። እረፍትሽ ካለቀም ግድ የለም፣ እኔው እመጣለሁ። እሱ ሂጂ ሲለኝ።»