ስድሳ አራት የክር አበባ

እስቲ ይችን የግራ እጄን ሌባ ጣት ዳብሳት። በጎኗ በኩል እንደ ቦይ የገባ መስመር አለ፤ አገኘኸው? ቢላዋ አይደለም የቆረጠኝ፣ ክር ነው። ክር ሥጋን እንዲህ ማረስ እንደሚችል የሚያውቅ ወንድ በዚህ በወልቂጤ ከተማ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። ብርድ ሲሆን ይቆጠቁጠኛል። በቆጠቆጠኝ ቁጥር የአዲስ አቡጀዲ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባና ቡታጅራ ድቅን ትልብኛለች።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከአገሬ ከአረቅጥ ወርጄ ቡታጅራ በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ እሠራ ነበር። ስፌት ማንም አላስተማረኝም። የሰው ሱሪ ፈትቼ፣ መልሼ በመስፋት ነው የተማርኩት። ፊደልም እንደዚያው ነው፤ ጣቃ ላይ የተጻፈውን እያየሁ፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ለቀምኩት። በስድስት ወር ውስጥ ከእኔ ቀድመው የነበሩት ሁለት ልብስ ሰፊዎች ደንበኞቻቸውን ፍለጋ እኔ በረንዳ ይመጡ ጀመር።

በረንዳው የነጋዴው ነው፤ ሐጂ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሴት ልጃቸውን ወልቂጤ ላለ የነጋዴ ልጅ ለመዳር ቀን ቆርጠዋል። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ሙሉ የዳንቴል አልጋ ልብስ። በከተማው ዳንቴል የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከሰሜን የመጣው መምህር ባለቤት። የራዲዮናቸው ልብስ፣ የወንበራቸው መደገፊያ፣ ሁሉም የእጇ ሥራ ነው። ሐጂ ክሩን ከአዲስ አበባ አስመጡ። ክሩ በመጣ በሳምንቱ መምህሩን ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት አዛወሯቸው።

ሐጂ በረንዳው ላይ ቆመው ጢማቸውን እያሻሹ፣ "እንግዲህ ታልቅስ፤ ምን አደርጋለሁ? የሚሠራ የለም" አሉ።

"እኔ አለሁ" አልኩ።

"አንተ ምን?"

"እኔ እሠራዋለሁ፣ ሐጂ።"

"ኪሮሽ ይዘህ ታውቃለህ?"

"ከሱፍ ኮት ይከብዳል እንዴ?"

ሐጂ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። "ስማኝ ልጄ። ለሙሽራ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነውር ነው። ክሩን እሰጥሃለሁ። ሠርጉ ሦስት ወር ቀርቶታል። ካልደረሰ በማግስቱ መኪናህን ተሸክመህ ከበረንዳዬ ትወርዳለህ። ወላሂ፣ አልቀልድም።"

እውነቱን ልንገርህ፤ ኪሮሽ የሚባለውን መርፌ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ በረንዳ መውረድ ደግሞ አረቅጥ ተመልሶ በአባቴ ፊት "አልቻልኩም" ማለት ነው። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

ወደ መምህሩ ቤት ሮጥኩ። ባለቤታቸው ዕቃ እያሰረች ነበር። "እትዬ፣ ዳንቴል ያስተምሩኝ" ብላት ገመዱን ለቃ አየችኝ።

"ነገ ጠዋት መንገደኛ ነኝ። ይኼ በአንድ ከሰዓት የሚነገር ነገር ነው እንዴ፣ ወንድሜ?"

"ለሌላ ሰው አይደለም። ለእኔ ይበቃል።"

ሳቀች። ከመሳቢያ አንድ ስንዝር የሚያህል፣ ቆይቶ የወየበ የክር አበባ አወጣችና፣ "እንካ፤ እሱን እያየህ ተናደድ" አለችኝ። በር ላይ ስደርስ ጠራችኝ። "ስትጨርስ በሩዝ ውሃ ነክረህ ወጥረህ አድርቀው። አለዚያ እንደ ጠወለገ ጎመን ይተኛል።"

መርፌዋን ይዛ ሄደች። እኔ ከተሰበረ ጃንጥላ አንድ ሽቦ ነቅዬ፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ስዬ፣ እንደ መንጠቆ ቆለመምኩት። አበባው ግን ቢያዩት ቢያዩት አይገባም። ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ ዓይን አይከተለውም። ስለዚህ ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ፤ ልፈታው ነው። ከተፈታ ሌላ የማየው ናሙና የለኝም። ቢሆንም የተሠራ ነገር ምሥጢሩን የሚናገረው ሲፈታ መሆኑን ከሱሪዎቹ አውቄ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችውን ቋጠሮ በጠስኩና አንዲት ዘለበት ስፈታ፣ ግድግዳው ላይ በልብስ ጠመኔ አንድ ጭረት። አጭሯን አጭር፣ ረጅሟን ረጅም። እስከ መካከሉ ቀዳዳ ስደርስ የኪራይ ቤቴ ግድግዳ ከጣሪያ ሥር እስከ መደቡ በጭረት ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ጭረቱን ከታች ወደ ላይ እያነበብኩ መሥራት ጀመርኩ።

በሐጂ ክር አልደፈርኩም፤ በመጀመሪያ የተለማመድኩት በቃጫ ነው። አዎ፣ ገመድ በሚገመድበት በእንሰት ቃጫ! ጣቴን ላጠው። የመጀመሪያው አበባ እንደ ስኒ ጎበጠ። ሁለተኛው ጠርዙ እንደ አውራ ዶሮ ኩክኒ ተርገበገበ። ዘለበት ሲያንስ ይጎብጣል፣ ሲበዛ ይንዘረፈፋል፤ ይህን ሕግ የነገረኝ የለም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። ክሩን ስይዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በግራ ሌባ ጣቴ ላይ እየተሳበ ቦይ አወጣብኝ። ላብ ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ እጄን በሎሚ እየታጠብኩ ሠራሁ። የክሩ ድቡልቡል እየተንከባለለ አቧራ ይገባል፤ በቅል ውስጥ አስቀመጥኩት። ከሁሉ የከፋው ግን ጸባይ ነው። ሐጂ የተቆጡኝ ቀን የሠራሁት አበባ ከሌሎቹ በጣት ያንሳል። እጅ ሲናደድ ክር ያጠብቃልና። ፈታሁት። ስምንት በስምንት፣ ስድሳ አራት አበባ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ሁሉም እኩል ካልሆነ ሲጋጠም ያብጣል። ከዚያ በኋላ ስናደድ መርፌውን አስቀምጬ ሱሪ እሰፋ ነበር።

የከተማው ጎረምሶች በበረንዳው ሲያልፉ፣ "አንቺ! መቼ ነው የምትዳሪው?" ይሉኛል።

"ሸማህን የሠራው ማነው፣ ሴት ናት?" እላለሁ። "ሸማኔው ወንድ፣ ልብስ ሰፊው ወንድ። ክር ከሱሪ ጋር መቼ ተጣልቶ ያውቃል?"

"ኧረ ሙሽሪት ተቆጣች!"

ይሳቁ። አሁን የልጅ ልጄ ከፋብሪካ የወጣ የላስቲክ ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "አባባ፣ አያምርም?" ትለኛለች። ያምራል እላታለሁ። ምን ልበላት?

የቤት አከራዬ ባሏ የሞተባት የመስቃን ሴት ነበረች፤ በገበያ ቀን ቆጮ ትሸጣለች። እማማ ነበር የምላት። ጓሮዋ ያለችውን አንዲት ክፍል ነው የተከራየሁት። ሥራ ሲይዘኝ ምግብ እረሳለሁ፤ እሷ ግን ታያለች። አንዳንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆጮና ጎመን በቅጠል ተሸፍኖ አገኛለሁ።

ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስድሳ አራቱ አበባ ተጋጥሞ አለቀ። ስዘረጋው ግን ሴትየዋ እንዳለችው ነው፤ ጠውልጎ ተኛ። ሩዝ በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬ በየሱቁ የለም። ቢኖርም አልጠይቅም ነበር፤ እኔ የተሻለ አግኝቻለሁና። አንድ ቀን እጅጌዬ ላይ ፈስሶ የደረቀ ቡላ ጨርቁን እንደ ቆርቆሮ አቁሞት አይቻለሁ። ቡላ ከእንሰት ጭማቂ የሚዘቅጠው ነጩ ነው፤ ከሱ የነጣ ምን አለ? ይህን ብልኃት ማንም እንዲሰርቀኝ ስላልፈለግሁ ለእማማ እንኳ አልነገርኳትም። "እማማ፣ ነገ ጠዋት ቡላ ቀጠን አድርገሽ አብስይልኝ፤ በዛ አድርጊው" አልኳት ብቻ።

"እሺ ልጄ" አለች፤ ፊቷ በራ። ለምን እንደበራ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ ስነሣ እሷ ገበያ ወጥታለች። ትልቁ ድስት በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ቤቱ ጨለማ ነው፤ የበልግ ዝናብ ደብድቦኝ ጉንፋን ስለያዘኝ አፍንጫዬ ድፍን ነው። ቡላውን ለብ ባለ ውሃ አቅጥኜ ገንዳ ውስጥ ገለበጥኩና የሦስት ወር ሥራዬን ከነሙሉው ነከርኩት። አሸሁት፣ ጨመቅሁት፣ ይዤው ወደ በሩ ብርሃን ወጣሁ።

ቢጫ ነበር። እንደ አደይ አበባ ቢጫ፣ ቅባቱ በክንዴ እየወረደ። እርድና ኮረሪማ ያለበት ንጥር ቅቤ፤ አንድ ጭልፋ ሁለት ጭልፋ አይደለም፣ ድስቱን ሞልቶታል።

እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እማማ ከገበያ ተመለሰች። ገና ከአጥሩ፣ "በላህ ወይ፣ ልጄ?" አለችኝ።

"ማነው ቅቤ ጨምሪ ያለሽ!" ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ በእናት እኩያ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አልጋ ልብሱን አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ቡላ ያለ ቅቤ ለሰው ይሰጣል እንዴ?" አለች። "ሰውነትህ አልቆ... ለአረፋ ያስቀመጥኳት ነበረች፤ ይብላ ብዬ ነው።"

በእኛ አገር ቡላ አብስሎ ቅቤ የሚነፍግ ሰው የለም፤ እኔም ለምን እንደምፈልገው አልነገርኳትም። ግን በዚያች ሰዓት ይህን ማሰብ አልቻልኩም። "አለቀ። መኪናዬን ልሸከም ነው" አልኩ።

"አይለቅም እንዴ?"

"እርድ ነው፣ እማማ! እርድ ይለቃል?"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። "ቅቤውን እንዶድ ይወስደዋል። እርዱን ፀሐይ ትበላዋለች። ተነሥ።"

ሁለት ቀን እንዶድ ወቀጠች። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አሽታ፣ አጥባ፣ እንደገና አሽታ። እኔ ብርቱ ነኝ፤ ውሃ ከወንዝ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ አልታማም። ማሸቱን ግን አላስነካ አለችኝ፤ "አንተ ስትናደድ ታጠብቃለህ፤ ይበጠሳል" ብላ። ይህን ከየት እንዳወቀችው አላውቅም። ቅቤው ለቀቀ፤ ቢጫው ግን አለ። ደመናው ደግሞ አልገለጥ አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ፀሐይ ብቅ ስትል ጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ መካከል ባለው ሰፊ ሣር ላይ ዘረጋነው። እሷ በአርጩሜ ጥጃና ዶሮ እያባረረች፣ ሲደርቅ ውሃ እየረጨች፣ እየገለበጠች ሦስት ቀን ተቀመጠች። ደመና ሲመጣ ትሸከመዋለች፣ ሲገለጥ ትዘረጋዋለች። ገበያ አልወጣችም። እኔ በረንዳዬን ጥዬ መቅረት ስለማልችል ማታ ማታ ስመለስ ነበር የማየው፤ አንድ ቀን እንደ ገለባ፣ በማግስቱ እንደ እርጎ፣ በሦስተኛው ቀን ሣሩ ላይ በረዶ የጣለ መሰለኝ።

ሁለት አበባ ሲታሽ ላልቶ ነበር፤ ሁለቱንም አዲስ ሠርቼ ተካሁ። ቅቤ ያልነካው ቡላ ራሴ አበሰልኩ። በሳንቃ ላይ በምስማር ወጥሬ አደረቅሁት። ጠርዙን ብትይዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የሠርጉ ቀን ሐጂ ግቢ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ። ከወልቂጤ የመጡት የሙሽራው ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ዳበሱት። "ማሻ አላህ! ይኼ የአዲስ አበባ ነው?" አሉ።

ሐጂ እኔን አዩኝ። ሰው ሁሉ አየኝ። ጎረምሶቹም ነበሩ።

"የእኔ ሥራ ነው" አልኩ። "ብቻዬን።"

ከሴቶቹ መካከል ቀድማ እልል ያለችው እማማ ናት። አፏ ላይ የያዘችው እጇ ከእንዶዱ የተነሣ ቆዳው ተገሽልጦ ቀልቶ ነበር። አየሁት። አይቼ ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ መለስኩ።

በረንዳው የእኔ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ግን ስሜን ወልቂጤ አድርሰውት ስለነበር በዓመቱ መኪናዬን ጭኜ ወደዚህ መጣሁ፤ በራሴ ፈቃድ፣ በክብር። ሥራ በዛ። ቡታጅራ ልሄድ፣ ልሄድ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አንድ የጭነት ሾፌር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ፣ "ቆጮ የምትሸጠዋ አከራይህ አረፈች" አለኝ። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቼ ተነሣሁ።

ስደርስ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ወንዶቹ ከውጭ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። እኔን የማያውቅ አንድ ሽማግሌ፣ ወንድሟ ነበር፣ ስለ እሷ እያወጋ ነው።

"ገበያ ላይ ታስቀን ነበር" ይላል። "አንድ ተከራይ ነበረኝ ትላለች፤ እጀ ወርቅ። የሙሽራ አልጋ ልብስ ሠራ። እኔ ሞኟ በቅቤ ነከርኩበት። ልጄ ብቻውን አጥቦ፣ ብቻውን አነጣው፤ የእኔ ድርሻ ማበላሸት ብቻ ነበር፣ እያለች ትስቃለች። ስንቴ እንደነገረችን!"

ሰዎቹ ፈገግ አሉ።

"ዋሽታለች" አልኩ።

ሰሌኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረብኝ። በለቅሶ ቤት ሟች ዋሸች አይባልም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ወንድሟ ፊቱ ጠቆረ። "ምን አልክ አንተ?" አለኝ።

"ዋሽታለች፣ አባባ። እሷ ናት ያነጣችው" አልኩ። "ተከራዩ እኔ ነኝ።"