ባለቀይ ጭራዋ ማንኪያ

እኔ ዓሣ አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው «ዓሣ አምሯት ነው ባሏን መንገድ የሰደደችው» እንዳይለኝ ነው፤ ብለዋልም። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሰው የማይለው ነገር የለም። ዓሣ የሚወደው ባለቤቴ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚወደው መያዙን እንጂ መብላቱን አይደለም። የያዘውን ለጎረቤት አድሎ፣ እጁን በሎሚ አሽቶ፣ ቁጭ ብሎ ሽሮውን ይበላል። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሱ የባዮሎጂ መምህር ነው፣ እኔ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የተዋወቅነው ለክትባት ዘመቻ ትምህርት ቤታቸው ሄጄ ነው። በሳምንቱ ክንድ የሚያህል አምባዛ በፌስታል አንጠልጥሎ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተገተረ። የሰው ሴት ሽቶ ይመጣላታል፣ ለኔ ጢማም ዓሣ መጣልኝ። ኧረ በስማም ብዬ ላልፈው ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝና እዚያው ቀረሁ።

ያንን አምባዛ የያዘባትን ብረት ያሳየኝ ያኔ ነው። የአውራ ጣት ቁመት ያላት፣ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለች የናስ ቁራጭ ናት። ጭራዋ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሥሯ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሏል። በክር ታስራ ውሃ ውስጥ ስትጎተት እንደ ቆሰለች ትንሽ ዓሣ ትንገዳገዳለች፤ ትልቁ ዓሣ ተዳክማለች ብሎ ዘሎ ይውጣታል። «ማንኪያ» ነው የሚላት። የምትሠራው ሱዳን ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነበር። መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ አንድ ጀለብያ ለባሽ ነጋዴ ከሻይ ብርጭቆና ከባትሪ ድንጋይ ጋር መሬት ላይ ዘርግቶ ይሸጣት ነበር። ባለቤቴን ገና ከሩቅ ሲያየው «ያ ዞል! አንተ ሰው! ዓሣው ጨረሰህ ወይስ አንተ ጨረስከው?» እያለ ይጣራል።

ከዚያ ወርክሾፑ እሷን መሥራት አቆመ። ነጋዴው የቀረችው ይቺው ናት እያለ ትንሽ ጊዜ ሸጠ። ወዲያው ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ተነሣ፤ ነጋዴውም ዕቃውም ጠፉ። ባለቤቴ የቀረችውን አንዲት ማንኪያ እንደ ጽላት ሲጠብቃት ኖሮ ጓንግ ወንዝ ውስጥ ሥር ይዟት ቀረች። ጠልቄ ላውጣ ብሎ ሸሚዙን አውልቆ ነበር አሉ። አዞ እንዳለ ያውቃል እኮ! አብረውት የነበሩት ይዘው መለሱት። ማታ እቤት ገብቶ ወንድም የሞተበት መስሎ ተቀመጠ።

እናም ፍለጋው ተጀመረ። ጎንደር ለሚወጣ ሾፌር ሁሉ አደራ አለ፤ ባሕር ዳር ያለ የአጎቱ ልጅ የሚያብለጨልጭ የቻይና ፕላስቲክ ላከለት፤ ዓሣዎቹ ሳይስቁበት አልቀሩም። አንድ ቀን ደግሞ ጓዳ ስገባ የሻይ ማንኪያዬ አንገቷ ተቆርጦ እጀታዋ ብቻ ቀርቷል። «አንተ ሰውዬ፣ ድስቱንስ መቼ ነው የምታርደው?» አልኩት። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሳቁን የወሰደው መንገዱ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በኛ አገር መንገድ መውጣት ማለት ለቤተሰብ ተሰናብቶ መውጣት ሆኗል። መኪና በእጀባ ካልሆነ አይሄድም፤ በእጀባም ሄዶ ይቆማል። ሰሊጥ እርሻው ውስጥ የተደበቀ ታጣቂ ብቅ ይልና ተሳፋሪውን አስወርዶ እንደ ከብት ይመርጣል፤ ይሄን ውሰድ፣ ይሄን ተው። ከዚያ በሳምንቱ የቤተሰብ ስልክ ይጮኻል፤ ገንዘብ አምጡ። የተመለሱትን አንዳንዶቹን ያከምኩ እኔ ነኝ። አንዱ ገበሬ እግሩን ሳጥብለት ሙሉ ጊዜ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም። ሴቶች የጆሮ ጌጥ አውልቀን ተቀመጥን፤ ባለ ሥራ የሆነ ሰው ሸሚዙን ሳይተኩስ መልበስ ጀመረ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ።

ባለቤቴ ተማሪ የሌለው መምህር ሆኖ ቤት ዋለ። ጧት ተነሥቶ ይለብስና በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ መልሶ ያወልቃል። ይህን ማየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

በዚህ መሀል አንድ የባጃጅ ሾፌር ወሬ ይዞ መጣ። ሽንፋ ላይ ከሱዳን ተሰደው የመጡ ሽማግሌ አሉ፣ ድሮ የዓሣ ዕቃ ይነግዱ ነበር፣ ባለቀይ ጭራዋን በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ባለቤቴ ፊቱ በራ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ላም አለኝ በሰማይ! ለብረት ቁራጭ ብለህ ሽንፋ ልትሄድ ነው? በዚህ መንገድ?»

«ብረቷ አይደለችም።»

«እና ምንድን ናት?»

ቀስ ብሎ «እዚህ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሆንኩ እኮ። አንድ ነገር ልፈልግና ላግኝ፣ አንድ ጊዜ» አለኝ።

እናቴ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር። ይህን እያወቅሁ አፌን ያዝኩ፤ ምክንያቱም ያ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሲያወልቅ ማየት ሰልችቶኛል።

ግቢያችንን የሚጋራን የባለቤቴ ባልደረባ፣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሚስቱና ከስድስት ወር ልጃቸው ጋር ከግድግዳችን ማዶ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ጭቅጭቃችንን በግድግዳው ሰምቶ ኖሮ ጧት መጣ። ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰው ነው። «ብቻህንማ አትሄድም» አለው። «ሁለት ሰው ሲሆን ቢያንስ አንዱ ወሬ ነጋሪ ይተርፋል።» ሚስቱ «ኧረ አፍህን!» ብላ ትከሻውን መታችው። ሁላችንም ሳቅን።

ቅዳሜ ጧት ሊወጡ ሲሉ የባለቤቴን ኪስ ፈትሼ የመምህርነት መታወቂያውን አወጣሁበት። ታጣቂዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚመርጡት። «ኬላ ላይ ማነህ ቢሉኝስ?» አለኝ። ጎረቤታችን «የኔ አለች፤ ከኔ ጋር ነው እላቸዋለሁ» ብሎ መታወቂያውን ጫማው ውስጥ ከተተ። ሚስቱ ልጁን አቅፋ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻቸው።

ያን ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ሥራ ቦታ መርፌ ስወጋ ዋልኩ። ከሰዓት ከሽንፋ በኩል እጀባው ገባ ሲሉ ሰምቼ ጋውኔን ሳላወልቅ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ በመኪናዎቹ ውስጥ አልነበሩም። እቤት ስደርስ የጎረቤቴ ሚስት ልጇን ጡት እያጠባች ደጅ ተቀምጣለች። «እታለም፣ ሽማግሌው ምሳ ካልበላችሁ ብለዋቸው ይሆናላ» አለችኝ። ይሆናላ አልኩ። ውሸታም!

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባለቤቴ በእግሩ መጣ። ባዶ እግሩን ነው፤ አቧራ ቅንድቡ ላይ ተጋግሯል። እኔ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ በዚያች ቅጽበት ከሱ በቀር ማንንም አላሰብኩም። ቀና ስል የጎረቤቴን ሚስት አየኋት። ባለቤቴን አታይም፤ ከትከሻው በላይ መንገዱን ነበር የምታየው።

የሆነውን የነገረን ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው። ኬላውን በጎረቤታችን መታወቂያ አልፈዋል። ሽማግሌው በደስታ ተቀብለዋቸዋል፤ ዋጋ አልቀበልም፣ አገሬን የሚያስታውሰኝ ሰው መጣ ብለው ማንኪያዋን በስጦታ ሰጥተውታል። ሻይ አፍልተው፣ ሌላ ደግመው ሲሉ እጀባው አመለጣቸው። በቀረችው አንዲት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ገንዳ ውሃ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሰሊጡ መንገዱን ግራና ቀኝ በያዘበት ቦታ፣ መንገድ ላይ እንጨት ተጋድሞ አገኙ።

አስወረዷቸው፤ ጫማ አስወለቋቸው። ባለቤቴን የፈተሸው ጎረምሳ ከኪሱ ያገኘው ማንኪያዋን ብቻ ነው። በመንጠቆዋ አንጠልጥሎ «ምንድን ነው ይሄ?» አለው። ከጎኑ ጎረቤታችን ቀደመና «ዓሣ የሚያጠምድበት ነው ወንድሜ። ዓሣ እያጠመደ እናቱን የሚጦር ምስኪን ነው፤ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት» አለ።

ጎረምሳው ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየው። ዓሣ አጥማጅ በኛ አገር ከምን እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፤ ወንዝ ዳር የሚያድር፣ ዘመድ የማይፈልገው፣ ቢያስሩት ማንም የማያስፈታው ድሃ ነው። «ተወው፣ ይሄ ምን አለው» ተባለና ማንኪያዋን መልሶ ደረቱ ላይ ወረወረለት። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ጫማ ዞሩ።

ባለቤቴ እስከዚህ ነግሮን ተንበረከከ። «እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እግሬ ሂድ ሲሉት ሄደ» አለ። የጎረቤቴ ሚስት አላለቀሰችም። «ምን ለብሶ ነበር? ሹራቡን ይዟል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ስልኩ በሳምንቱ ተደወለ። ድምፁን አሰሟት፤ «ደኅና ነኝ፣ ልጁን ሳሚልኝ» አለ፣ ተዘጋ። መምህራኑ አዋጡ፣ የኔ መሥሪያ ቤት አዋጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተዘርግቶ ተለመነ፤ የጠየቁትን ላክን። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልጠራም። ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ሠራተኞች መንደር ሁሉ ዞረን ጠየቅን። አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ በሌላ ወገን ተወስዷል ይላል፣ አንዱ አገጩን ደገፍ አድርጎ ዝም ይላል። ዝም የሚለውን ነው የምፈራው።

ባለቤቴ ወንዝ መውረድ ተወ። ማንኪያዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ሥር ከተታት፤ እኔም ወርውራት ለማለት አቅም አጣሁ። የጎረቤቴ ሚስት ግን ስለማንኪያዋ ጠይቃን አታውቅም ነበር። በግድግዳው ልጇን እሹሩሩ ስትል እየሰማን እንተኛለን፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ የለም።

በቀደም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጇን ታቅፋ ገባች። ተቀመጪ ሳልላት ተቀመጠችና ባለቤቴን «ጋሼ፣ እስቲ ያችን ነገር አሳየኝ» አለችው። እኔን አየኝ። ምን ልበለው? አውጥቶ ሰጣት። መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻት፤ ቀዩን ጭራ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ልጁ ሊቀማት እጁን ሲዘረጋ ቀስ ብላ አራቀችበት።

«አንተን ያዳነችህ ይቺ ናት?»

«እሱ ነው ያዳነኝ» አላት።

«እሱማ እሱ ነው። ግን ይቺን አይተው ነዋ የተዉህ።» ማንኪያዋን እንደገና አገላበጠቻት። «ለሱም አንድ ብትይዝለት ኖሮስ? ሽማግሌው ሌላ አልነበራቸውም?»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ይህን ለኔ እንኳ አልነገረኝም ነበር። «ነበራቸው» አለ። «ሦስት ነበሩ፤ ለሱም አንድ ዘርግተውለት ነበር። ‹አባባ፣ እኔ ዓሣ ይሸተኛል፣ ይቆይልዎ› ብሎ መለሰላቸው።»

ድንገት ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ይሸተዋል፣ እውነቱን ነው! ዓሣ የነካሁ ቀን አልጋ ላይ ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ» አለች፤ እኛም አላስችል ብሎን አብረናት ሳቅን። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠና ማንኪያዋን በመዳፏ ጨበጠቻት።

«ይሽተተዋ!» ብላ ጮኸች፤ ልጁ ደንግጦ አለቀሰ። «አፍንጫውን ይዞ ኪሱ ቢከታት ምን ነበረበት? እኔ አላጥብለትም ነበር ኪሱን?»

እጇን ይዤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሁ። መንጠቆው መዳፏ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሳወጣው አልተሰማትም።