የእማዬ ሳጥን ኮምፒውተር ላይ

ዛሬ የኮምፒውተራችንን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ ላደርግ ስል አባዬ ከኋላዬ "ኧረ ተው! የዕድሩ ስም ዝርዝር እዚያ ውስጥ ነው!" ብለው ጮኹ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ላሳምር ብዬ የቅርጫቱን ምልክት በእማዬ የእንጨት ሳጥን ፎቶ ቀይሬዋለሁ። ያ ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው ሳጥን።

አባዬ የቤቴል ሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው። "ቁም ነገር ሳጥን ውስጥ ካልገባ የት ሊገባ ነው?" አሉኝ። (እውነታቸውን ነው።)

ዝርዝሩን አወጣሁ። ቅርጫቱን ወደ ድሮ መልኩ መለስኩና የሳጥኑን ፎቶ ለአባዬ ፎልደር ሰጠሁት። ያሻችሁን ምልክት ቀይሩ፣ ቅርጫቱን ግን አትንኩት።

እናንተስ ምልክት ቀይራችሁ ማንን አሳሳታችሁ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ልሂድ፣ አባዬ "ቁልፉስ?" እያሉኝ ነው።