ገመዱ የሚጀምርበት ቦታ

ዐረብ አገር፣ ነሲም ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ሦስት ነበርን። ልጄ ነስሩ ከውሃ ታንከሩ ጥግ፣ የእሱ ልጅ ሐናን ከዲሹ አጠገብ፣ እኔ ከደረጃው በር ላይ ቆመናል። የጋለው ሲሚንቶ ላይ ውሃ ፈስሶ አፈር አፈር ይሸታል። ነስሩ ለሐናን የቤት ሥራ ፀሐይን፣ ምድርንና ጨረቃን በጀሪካን እየመሰለ ደርድሮላታል።

«የጨረቃን ርቀት ከምድር ብለካውስ?» አለችው።

«ሁሉም ከፀሐይ ነው የሚለካው። ያላ፣ ጻፊ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ደሜ ፈላ። ይህን «ሁሉም ከፀሐይ» የሚል ቃል በልጅነቴ ደሴ ላይ ሰምቼዋለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማሩን ወይዘሪት ጽጌ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ ከጥፍራቸው ሥር ጠመኔ አይጠፋም። ከመጽሐፉ እየወጡ ያስተምራሉ ተብለው ተከሰው ነበር። አንድ ጊዜ ቢደገም ከሥራ እንደሚሰናበቱ የትምህርት ተቆጣጣሪው በደብዳቤ አስጠንቅቋቸዋል። ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እሳቸው ግን ሜዳ አወጡን። በአንድ ዱላ ጫፍ ድንጋይ የሞላ ጣሳ፣ በሌላው ጫፍ ጠጠር ያለበት ኩባያ አንጠለጠሉ፤ ምድርና ጨረቃ መሆናቸው ነው። ዱላውን መዳፋቸው ላይ እያንሸራተቱ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ ፈለጉ። ወደ ጣሳው ተጠግቶ ተገኘ። እዚያ ነጥብ ላይ እንድይዘው ለእኔ ሰጡኝ፤ ከእጄ ሥርም ገመድ አስረው ሌላውን ጫፍ ፀሐይን ለምትሆን ተማሪ ዘረጉ።

«ፀሐይ ከዲጃ ትሁን፣ ከሁላችን ትከብዳለች» አለች አንዷ።

«አንቺም ጠጠሯን ሁኚ» አለቻት ከዲጃ።

«ጨረቃን ከምድር እንለካታለን» አሉ ወይዘሪት ጽጌ። «ፀሐይን ደግሞ ሁለቱ ሚዛን ከሚጠብቁበት። ሌላ ፕላኔት ሲጨመር የሦስቱን ሚዛን ፈልገን ከዚያ እንለካለን። ከፀሐይም መለካት ይቻላል፤ ሁሉም እርስ በርስ ሲሳሳቡ ግን ሒሳቡ በዚህ ይቀላል።»

ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የገባኝ ነገር ጥቂት ነው።

ተቆጣጣሪው ለካ ከኋላችን ቆሟል። «አንቺ ልጅ፣ ርቀት የሚለካው ከየት ነው?» አለኝ።

ወይዘሪት ጽጌን አየኋቸው። ያስተማሩንን ብናገር የሚባረሩ መሰለኝ።

«ሁሉም ከፀሐይ ነው የሚለካው፣ ጋሼ» አልኩ። ላድናቸው ብዬ ነው።

ወደ ወይዘሪት ጽጌ ዞሮ ሳቀ። «ሰማሽ? ልጆቹ እንኳ ከአንቺ ይሻላሉ። ሁሉም ከፀሐይ ነው የሚለካው። ያስተማርሻቸውን ሰምቻለሁ፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አላቸው። በተማሪዎቻቸው ፊት አንቺ አላቸው።

ያ ሰው ዛሬም ያናድደኛል። የሚያውቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ያንንም የሸመደደው ነው። ይበልጥ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ነጥቡን በእጄ ይዤ ነው የዋሸሁት።

ወይዘሪት ጽጌ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ዱላውን ተቀብለውኝ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ክንድሽ ዛለ አይደል?» አሉኝ።

ከዚያ በግቢው በር ወጡ።