መብራት ሲሄድ የሚቆም ታይመር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጎብዬ

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ሰማዩ በዞብል ተራራ በኩል ገና እየቀላ ነበር። በፌስታል የያዝኩት የተቃጠለ ታይመር ነው። የመስኖ ማኅበራችንን የውሃ ሞተር በየተራው የሚያስነሳውና የሚያጠፋው እሱ ነበር። እኔ የተራ መዝገብ እይዛለሁ፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ተመረጥኩ። ሰብሳቢያችን አያ ሞላ ሲልኩኝ፣ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን የማይረሳ፣ ባትሪ ያለው ግዢ አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰው ፊት ከእሺ በላይ አይወጣልኝም።

ሚኒባሱ በሽንኩርት ጆንያ ተጨናንቋል። በመስኮት የማሽላ አገዳ የጫኑ ግመሎች ያልፋሉ። መዝገቡን ጭኔ ላይ ገለጥኩ። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ "መብራት የለም" ብዬ የጻፍኩት በእትዬ ዘሐራ ተራ ነው። ተራቸው ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ነው። መብራቱ ሲመለስ በታይመሩ ሰዓት 11 አልፏል፤ ውሃው የቀጣዩ ሰው ይሆናል። ቀጣዩ አያ ሞላ ናቸው። እትዬ ዘሐራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ይቺ የሽንኩርት መደብ ብቻ ናት። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ በዚህ ሳምንት ካልጠጣ አይተርፍም።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቆቦ

ፉል በልቼ፣ በባጃጅ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቁጥር የሚያበራ ታይመር አወጣ። "እህቴ፣ ይሄ መብራት ቢሄድም ሰዓቱ አይቆምም።" ልክፍል እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ አሰብኩት፦ እኛን የጎዳን አለመቆሙ አይደል? ተመልሼ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

5 ሰዓት፣ ዋጃ

ባለባጃጁ ዋጃ የወፍጮ ሞተር የሚጠግኑ አቶ ኑሩ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ነግሮኝ ነበር። ከጎብዬ መምጣቴን ብቻ ተናግሬ የተቃጠለውን ታይመር ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"አፍሽን ጎብዬ ትተሽው ነው የመጣሽ?" አሉኝ እየሳቁ። ሳቅኩና ስለ እትዬ ዘሐራ ሁሉንም ነገርኳቸው።

የፈለግሽው ሰዓት የሚያይ ሳይሆን ሞተሩ የሠራበትን ጊዜ የሚቆጥር ነው አሉ። አምፖል ቀጥለው ሁለት ታይመር አሳዩኝ። አንዱ እንደ ግድግዳ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ነው፤ ሶኬቱን ሲነቅሉት አምፖሉ ጠፋ፣ እሱ ግን ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ። ሁለተኛው መርፌ ያለው ነው። ሲነቅሉት መርፌው ባለበት ቆመ፤ ሲሰኩት ከዚያው ቀጠለ። ከሞተሩ ላይ የገለበጥኩትን ጽሑፍም አንብበው፣ ታይመሩ የሞተሩን ትልቅ ማብሪያ ብቻ እንደሚያዝዝ፣ የሞተሩ ኃይል በእሱ ውስጥ ካለፈ ግን እንደ በፊቱ እንደሚቃጠል አስጠነቀቁኝ። አገጣጠሙን በወረቀት ሣሉልኝ። መርፌ ያለውን ገዛሁ።

10 ሰዓት፣ የውሃው ሞተር ቤት

አያ ሞላ ዕቃውን አገላብጠው ባትሪው የት አለ አሉ። እንደሌለው፣ መብራት ሲሄድ ቆሞ ሲመለስ ከዚያው እንደሚቀጥል ነገርኳቸው። ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። መዝገቡን ገልጬ ሦስቱን ቀናት አነበብኩ።

"አያ፣ መብራት የሚጠፋው በሁላችን ነው። ለምን አንድ ሰው ብቻ ይከፍለዋል?"

"ታዲያ የእኔ ተራ ሊገፋ ነው?"

"አዎ። የአባቴም።"

የአቶ ኑሩን ወረቀት ከእጄ ተቀበሉ። ለሞተር ጠባቂው ሰጥተውም፣ በሥዕሉ መሠረት ግጠመው አሉት።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት

መብራት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ ነበር። እትዬ ዘሐራ ከመርፌው ፊት አልተነሱም፤ እንደቆመ ነው። ልክ 11 ሰዓት ሲሆን መብራት መጣ፤ ሞተሩ ተነሳ። አያ ሞላም እንደ ልማዳቸው አካፋ ተሸክመው ለተራቸው ደረሱ።

"ስንት ቀራቸው?" አሉኝ።

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

መርፌውን አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እትዬ ዘሐራ ማሳ ወረዱና ደለል የዘጋውን ቦይ በአካፋቸው መጥረግ ጀመሩ።