ሐርላ ድረስ የተሸከምኩት አንቴና

በደርግ ጊዜ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ድሬዳዋ ተመደብኩ። በከተማው ዘመድ አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት መልስ ከዚራ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ አንድ አሮጌ የሬዲዮ መጽሐፍ ደጋግሜ አነብ ነበር። ሽቦ በክብ ጠምጥሞ በጣም ዝቅተኛ ሞገድ የሚቀበል አንቴና መሥራት ያስተምራል። ሩቅ አገር የወደቀ መብረቅ በማዳመጫ ይሰማል፤ አንዳንዴም ከቀጭን ድምፅ ወደ ወፍራም እየወረደ የሚያፏጭ ነገር ይመጣል ይላል። ያን ፉጨት መስማት አማረኝ።

ሁለት ጣውላ አመሳቅዬ፣ ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የፈታሁትን ሽቦ ጠመጠምኩበት። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲጠመጥም ሌላው ሽቦውን ይለቃል። እኔ ጥቅሉን ከወንበር እግር ጋር አስሬ ብቻዬን ሠራሁት። የዙሩ ቁጥር ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ።

ስጨርስ የሰማሁት እምምም የሚል የከተማውን የመብራት መስመር ድምፅ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከከተማው ውጭ፣ መብራት ወደሌለበት ወደ ሐርላ መንደር ወሰድኩት። ፍየል የሚያረቡ አንዲት ባልቴት ግቢያቸው ውስጥ እንዳቆመው ፈቀዱልኝ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ቅዳሜ ከሰዓት ሄጄ እዚያው አድርና ጎህ ሲቀድ አዳምጣለሁ። መብረቁ በእጅ እንደሚታሽ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ፉጨቱ ግን የለም።

አንድ ጧት ባልቴቷ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያዙ።

“ማን ነው የሚናገረው?”

“ማንም የለም፣ እናቴ። መብረቅ ነው።”

“ሰው ለሌለበት ነገር ነው ይህን ሁሉ መንገድ የምትመጣው?”

ጎንበስ ብዬ ሽቦውን አስተካከልኩ።

“ሚስት የለህም?”

“የለኝም።”

ከዚያ ወዲህ ፍየሎቹን ከማውጣታቸው በፊት አጠገቤ ይቀመጡ ጀመር። አማርኛው ሲያልቅባቸው በኦሮምኛ ይቀጥላሉ። ግማሹ አይገባኝም፤ ግን ማዳመጫውን አውልቄ እሰማቸዋለሁ።

በክረምቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ አንድ አስተማሪ ስለ ፉጨቱ ጠየቅኩ። “እሱማ እንደኛ ለምድር መግነጢስ ወገብ በቀረበ አገር አይሰማም” አለኝ። አፈርኩ። ለባልቴቷ ግን አልነገርኳቸውም። ያለ አንቴናው ምን ብዬ እሄዳለሁ? በየቅዳሜው እየተሸከምኩ ሄድኩ።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ በራቸው በእሾህ ተዘግቷል። ልጃቸው መጥቶ ሐረር እንደወሰዳቸው ጎረቤት ነገረኝ። አንቴናውን ሳላቆመው መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና ጠበቅኩ።