የጎደለው አራት ሰከንድ

ሰፈርተኛው ሁሉ «ጆሮ» ነው የሚለው። ድምፁ የጠፋ የሠርግ ቪዲዮ፣ ንግግሩ ከአፍ ወደ ኋላ የቀረ የምርቃት ቪዲዮ፣ ሌላው ባለሙያ እጁን የሰጠበት ፋይል ሁሉ መጨረሻው የእሱ ክፍል ነው። ክፍሏ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ናት፤ አንድ መስኮት አላት፣ ኮምፒውተሩ ሲሞቅ እሷም አብራ ትሞቃለች። ሰው ሲያወራው ዓይን ዓይኑን አያይም፣ ከንፈሩን ነው የሚያየው። ሃያ ዓመት ድምፅና ከንፈር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ምን ያድርግ።

ከሰው ሁሉ በዚህ ስም የምትስቀው እናቱ ነበረች። ልጅ ሳለ ከጨዋታ ሲጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለሚል «ደንቆሮዬ» እያለች ነው ያሳደገችው። ሚስት ካገባ በኋላም ከአፏ ሌላ ስም ወጥቶ አያውቅም።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ግን ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። አባቱ በሞተ በዓመቱ እሱ ቤት ገብታ እንድትኖር ለመናት፤ እምቢ አለች፤ ተካረሩና «እንግዲያው እናት የለኝም» ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። ወዲያው ነው የቆጨው። ግን ኩራት ያዘውና ዛሬ ነገ ሲል እናቱ አልጋ ላይ ዋለች። ያስታመመቻት ታናሽ እህቱ ናት። ደውሎ ልምጣ ወይ ሲላት፣ «ተወው ጋሼ፤ ስምህ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ከመጣህ ይብስባታል» አለችው። አመናት። እህቱን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? እናቱ ሞተች፣ እሱም ይቅር ያልተባለ ልጅ ሆኖ መቃብሯ ዳር ቆመ።

ከስምንት ወር በኋላ አክስቱ፣ የእናቱ ታላቅ፣ በየደረጃው እያረፉ ወደ ክፍሉ ወጡ። እናቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከእህቱ ጋር፣ እዚያው እናቱ ቤት ነው። ከቦርሳቸው ፍላሽ አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«እናትህ ናት። ታናሽህ በስልክ የቀረጸቻት ነው፤ ስጨቀጭቃት ነው የሰጠችኝ። ግን አፏ ሌላ ቦታ፣ ድምጿ ሌላ ቦታ። አንተ ጋ ካልተበጀ የት ሊበጅ ነው?»

እንዲህ ያለ ቪዲዮ መኖሩን ጆሮ ዛሬ መስማቱ ነው። ነገሩ ቅር አለው። አክስቱን ሸኝቶ ማዳመጫውን አጠለቀ።

እናቱ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አልቃለች። እንባውን በክንዱ ጠርጎ ወደ ሥራው ገባ፤ ሥራ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር እንጃ። እንደ ልማዱ ሦስት ቦታ ፈተሸ። መጀመሪያው ላይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ድምፁ ልክ ነው። መሀል ላይ ድምጿ ከከንፈሯ አራት ሰከንድ ይቀድማል። መጨረሻው ላይም ያው አራት ሰከንድ።

ይሄኔ ነው ክው ያለው። ስልክ ድምፅ ሲያዛባ ቀስ በቀስ ነው የሚያዛባው፤ መሀል ላይ አራት ከሆነ መጨረሻው ላይ ስምንት መድረስ ነበረበት። አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ከዚያ በኋላ እኩል የሚሄድ ድምፅ ግን የሰው እጅ ነው። አንድ ሰው አራት ሰከንድ ድምፅ ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ስቦ አጋጥሞታል።

ይህን ማን ያውቅበታል? እህቱ ሥራ ያጣች ጊዜ ሁለት ወር እዚሁ ጎኑ ተቀምጣ ተምራለች። «ምስል ከቆረጥሽ ይዘላል፣ ሰው ይነቃል፤ ድምፁን ብቻ ቁረጪ» ያላት ራሱ ነው። ክፍተቱን በዝምታ ሙዪው የሚለው ትምህርት ላይ ሳይደርሱ ተሰላችታ ቀረች። ክፍተቱን በዝምታ ብትሞላው ኖሮ ጆሮም ቢሆን አይነቃም ነበር፤ መቅጃው ለአፍታ አቋርጧል ብሎ ያልፈዋል።

የተቆረጠውን ቦታ አገኘው። ምስሉ አልተነካም፣ ከንፈሯ እዚያው አለ። ደጋግሞ አየው። ከንፈሯ ሾለ፤ ቆ። እንደገና ሾለ፤ ሮ። ለማንበብ ሃያ ዓመት አላስፈለገውም።

እህቱን እናቱ ቤት፣ የእናቱ አልጋ ላይ አንሶላ ስታጥፍ አገኛት።

«የእማዬን ቪዲዮ ማን ነካው?»

«ስልኩ ነዋ። ድሮም ድምፅ ያዛባል» አለች ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ስልክ አንድ ቦታ ላይ አይቆርጥም። አስተምሬሽ የለ?»

አንሶላውን አስቀመጠች።

«ሁለት ዓመት ያገላበጥኳት እኔ። ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ። በይ አንድ ነገር ተናገሪ ብዬ ስልክ ብደግንላት የጠራችው አንተን። እኔን አላነሳችኝም ጋሼ። አንዴም።»

«ያኔ ስንት ቀን ቀርቷት ነበር?»

«አስራ አንድ።»

የእሱ ቤት ከዚህ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው።

«ያልተቆረጠውስ?»

«አጠፋሁት። ስልኩንም ቀይሬዋለሁ።»

አስታማሚን ሰው ይረሳዋል፣ እሱ እውነት ነው፤ ጆሮም አልካደም። ግን የእናትን ይቅርታ ልብስ ሰፊው እንደሚጥለው ቁራጭ ጨርቅ ቆርጦ መጣል ምን ይባላል? ያውም እሱ ራሱ ባስተማረው እጅ። ቢሰድባት በወደደ። ግን ፊቱን መልሶ ወጣ።

ክፍሉ ተመልሶ እህቱ ያልደረሰችበትን ትምህርት ሠራው። በተቆረጠው ቦታ አራት ሰከንድ ዝምታ አስገባ። የቀረው የእናቱ ንግግር ሁሉ ከከንፈሯ ጋር ገጠመ።

በማግስቱ አክስቱ መጥተው ጎኑ ተቀመጡ። እህታቸው ስትናገር እያዩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዝምታው ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን አቀረቡ።

«እዚህ ጋ ድምጿ ጠፋ።»

«አልተገኘም እትዬ።»

«ምን ብላ ይሆን?»

ጆሮ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰላቸው። የእናቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እሱ አብሯት ተናገረ፣ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ።

«ደንቆሮዬን ጥሩልኝ። ይምጣ በሉት።»

አክስቱ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ታዲያ እንዲህ ስትጠራህ ለምን አልመጣህም?»

የእህቱ ስም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማታ እኚህ ሴት የሚገቡት እሷው ቤት ነው፤ የሚጎርሱት ከእሷው እጅ ነው።

«አልሰማሁም እትዬ» አለ።